ያለ ጡሩምባ የሮጠ ሰው

በእኛ ሰፈር ኒቆዲሞስ ሲሮጥ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን ሞተ?» ብሎ ነው።

ኒቆዲሞስ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ነው። በድሬዳዋ፣ በለገሃሬና በአካባቢዋ ሰው ሲያርፍ የእድሩ ሰብሳቢ ሐጂ ኢስሃቅ ከሁሉ በፊት የሚልኩት ወደ እሱ ነው። እሱም ጡሩምባውን ይዞ ይወጣና በየመንገዱ እየነፋ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። ሌላ አገር ጡሩምባ ነፊ እየተራመደ ነው የሚለፍፈው ይባላል። የእኛ እድር ግን የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ነው። ጎህ ሲቀድ ያረፈ ሙስሊም ጎረቤት በዙህር፣ በቀትሩ ሶላት ይቀበራል፤ ሰው ቀስ ብሎ እስኪሰበሰብ የሚጠብቅ የለም። ድንኳን ተካዩም፣ መቃብር ቆፋሪውም፣ ዘመዱም ቶሎ መስማት አለበት። ስለዚህ ኒቆዲሞስ ሥራውን ከያዘ ጀምሮ ሲሮጥ ነው የኖረው።

ሥራውን የያዘው ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ነው። አባቱ በድሮው የጅቡቲ ባቡር ፍሬን ያዥ ነበሩ። እሱ ራሱ በባቡሩ ጥገና ጋራዥ ከባለቤቴ ከገብረ መድኅን ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ሠርቷል። ባቡሩ ሲቆም ገብረ መድኅን ቤት ዋለ፤ ኒቆዲሞስ ደግሞ ከደጁ ላይ ትንሽ የብየዳ ቤት ከፈተ። የሰፈሩ የመስኮት ብረትና የብረት በር አብዛኛው የእሱ እጅ ነው። ሚስቱ የሞተችው ልጃቸው ሃኒ ገና ስትድህ ነው። የዚያን ቀን ሌላ ሰው ይንፋ ብለው ቢለምኑት እምቢ አለ። ጡሩምባውን ነፋ፤ የሚስቱን ስም እንደ ማንኛውም ሰው ስም ሙሉ አድርጎ ከነአባቷ ጠራ፤ ሰፈሩን ጨርሶ ሲመለስ ነው ቤቱ ገብቶ የተቀመጠው። ሃኒን ያሳደጋት ብቻውን ነው።

ለሥራው ራሱ ያወጣው ደንብ አለው። ከሟቹ የቅርብ ዘመድ ደጃፍ ሲደርስ አይነፋም፤ ስምም አይጠራም። ጡሩምባውን ወደ ጎን ይዞ ዝም ብሎ ያልፋል። ለዚያ ቤት መርዶውን የሚነግሩት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ገብተው፣ ተቀምጠው፣ ውኃ አስመጥተው ነው የሚናገሩት። «ሰው የገዛ ወንድሙን ሞት ከመንገድ ላይ አይሰማም» ይላል። ሰፈሩም ይህንን ለምዶታል። ጡሩምባው ከተነፋ የሞተው ሌላ ሰው ነው። ኒቆዲሞስ ሳይነፋ እየሮጠ በደጅህ ካለፈ ግን ያን ጊዜ ነው የምትፈራው።

ችግር የመጣውም ከዚህ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እድሩ መልእክት በስልክ መላክ ጀመረ። ጡሩምባው ለሽማግሌዎችና ስልክ ለሌላቸው ተብሎ ቢቀጥልም፣ እንደ ድሮው ሩቅ ለሩቅ መዞር ቀረ። የኒቆዲሞስ እግር ግን መሮጥ ለምዷል። ሳይሮጥ ሲሰነብት ጉልበቱን ያመዋል፤ እንቅልፍም ይነሣዋል። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ፣ ማንም ሳይሞት፣ ጡሩምባም ሳይዝ እንዲሁ ለራሱ ሮጠ።

በዚያው ሰዓት ጎረቤታችን በድሪያ ለሶላት ውዱእ ልታደርግ በሯን ከፍታ ነበር። የበድሪያ ልጅ በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ይነዳል። ኒቆዲሞስ ባዶ እጁን፣ ዝም ብሎ፣ በሩጫ ወደ እሷ ሲመጣ አየች። የመታጠቢያው ውኃ ማሰሮ ከእጇ ወደቀ። በባዶ እግሯ መንገድ መሐል ወጥታ ሸሚዙን ያዘችው።

«ልጄ ነው?» አለችው።

«ማንም አይደለም፣ በድሪያ! ማንም አይደለም!»

«አትዋሸኝ! ወላሂ በለኝ!»

«ወላሂ! ለጤናዬ ነው የምሮጠው!»

«ለጤናህ?» አለች በድሪያ፤ መሬት ላይ ቁጭ ብላ። «የእኔንስ ጤና?»

በጩኸቷ ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። አንዳንዷ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ነው የወጣችው። ነገሩ ሲታወቅ ሰው ሣቀ፤ ኒቆዲሞስ ግን አልሣቀም። ከዚያ በኋላ ሐጂ ኢስሃቅ አስጠርተው «አቦ ኒቆ፣ ወይ ሰው ሲሞት ሩጥ ወይ እንደ ሰው ተራመድ» አሉት። እሺ ብሎ ወጣ። የዚያን ዕለት ማታ ቤታችን መጥቶ ተቀመጠ። ገብረ መድኅን ሲያስቸግረው ነው የተናገረው።

«ገብሬ፣ ስንት ዘመን ስሮጥ ኖርኩ፤ አይቶኝ ደስ ያለው ሰው አንድ እንኳ የለም።»

ሃኒ የምትኖረው ጅቡቲ ነው፤ ሆቴል ቤት ውስጥ ትሠራለች። የበድሪያን ነገር በስልክ ስትሰማ እስኪያማት ሣቀች። ከዚያ ጅቡቲ ውስጥ በባሕሩ ዳር የሚሮጥ ማራቶን እንዳለ፣ የውጭ አገር ሰው ሳይቀር ለእሱ ብሎ እንደሚመጣ ነገረችው። ያን ዓመት ሩጫው የሚውለው በጥር ጊዮርጊስ ዕለት ነበር። ኒቆዲሞስ የተወለደው በጥር ጊዮርጊስ ነው፤ ያን ቀን ስልሳ ዓመት ይሞላዋል። እንደ ብዙዎቻችን ልደቱን አክብሮ አያውቅም። ሃኒ ግን «አባዬ፣ ኬክ አልገዛልህም፤ ሩጫ ነው የምገዛልህ» ብላ አስመዘገበችው።

በማግሥቱ ለገብረ መድኅን ሲነግረው አጠገባቸው ሽሮ እየነፋሁ ነበር።

«አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው አሉ» አለ ኒቆዲሞስ።

«ከዚህ እስከ ሁርሶ ደርሶ የሚተርፍ ነው እኮ! ልትሞት ነው? ከሞትክ ጡሩምባውን ማን ይነፋልሃል?»

«አቦ ተወኝ። እዚያ ማንም አያውቀኝም። ስሮጥ ቢያዩኝ ማንም አይደነግጥም። አንድ ቀን እንደዚያ ልሩጥ፣ ገብሬ። አንድ ቀን ብቻ።»

ገብረ መድኅን ከዚያ በኋላ አላሾፈበትም። ማለቴ በዚያ ቀን አላሾፈበትም።

ልምምዱን የጀመሩት ደቻቱ ውስጥ ነው። ዝናብ በሌለበት ወራት ወንዙ አሸዋ ብቻ ነው፤ በማለዳ የሚመጣው አሸዋ ጫኝና የጠፋ ፍየል ፈላጊ ነው። ከድልድዩ በታች የሚሮጥ ሰው ማንንም አያስደነግጥም። ገብረ መድኅን ልቡን ይታመም ስለነበር ሐኪም ተራመድ ብሎታል። ስለዚህ በሃይላንድ ውኃ ይዞ ቀስ እያለ አብሮት ይወርዳል፤ ከዳር ተቀምጦ ያየዋል። ኒቆዲሞስ በአሸዋው ላይ እየሰመጠ ሲመለስ «አንተ ሰውዬ፣ እየሮጥክ ነው ወይስ ጉድጓድ እየቆፈርክ?» ይለዋል። ኒቆዲሞስም «ውኃውን ስጠኝና ዝም በል» ይለዋል። ቁርስ ሰዓት ላይ ሁለቱም ጫማቸው አሸዋ ሞልቶ ይመጡና ደጃፌ ላይ ያራግፉታል። ፉል በዳቦ አቀርብላቸዋለሁ። ባለቤቴ ያን ያህል የሣቀበት ወቅት ከብዙ ዓመት በኋላ የመጣ ነበር።

እሑድ እሑድ ኒቆዲሞስ በሚኒባስ ወደ ሁርሶ መንገድ ይሄድና ከመንገድ ወርዶ በእግሩ ይመለሳል። አንድ ቀን እዚያ ካለው የጦር ማሠልጠኛ የወጡ ወታደሮች በሰልፍ እየሮጡ ደረሱበት።

«ፋዘር፣ ከማን ነው የሚሸሹት?» አለው ከሰልፉ አንዱ።

«ከስልሳ ነው ልጄ! ሊደርስብኝ ነው!»

ሰልፉ በሙሉ እየሣቀ አለፈው። ይህንን ለገብረ መድኅን ሲያወራለት ዓይኑ ያበራ ነበር። ሲሮጥ ያዩት ሰዎች ሣቁ ማለት ለእሱ ትልቅ ነገር ነው።

የቀረው የእድሩ ፈቃድ ነበር። ጡሩምባ ነፊ ከሰፈር ውጭ አያድርም፤ በጽሑፍ የተቀመጠ ባይሆንም ሥራውን ከያዘ ጀምሮ አንድም ሌሊት ከድሬዳዋ ውጭ አድሮ አያውቅም። ሃኒ ስትዳር እንኳ ሠርጉ የተደረገው እዚህ ነው፤ እሱ መሄድ ስለማይችል። ጉዳዩ በወሩ ስብሰባ ላይ ቀረበ። ሐጂ ኢስሃቅ «ለአራት ቀን ጡሩምባውን የሚይዝ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ወንዶቹ ሁሉ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ሥራውን የፈለገው አልነበረም፤ የሞት ወሬ ይዞ በሰው ደጅ መድረስ ይከብዳል።

ከሴቶቹ በኩል ሃሊሞ ተነሣች። ሃሊሞ በከፊራ ገበያ ሎሚና ቃሪያ የምትሸጥ፣ ከሁላችንም የምትረዝም ሱማሌ ናት።

«እኔ እይዛለሁ።»

«ሴት ጡሩምባ ስትነፋ የት አይተሻል?» አላት አንዱ።

«ጡሩምባ ማን ፈለገ? እኔ ከፊራ ቆሜ ሎሚ ስጣራ ደቻቱ ማዶ ያለ ሰው ዋጋ ይጠይቀኛል!»

ሐጂ ኢስሃቅ ሣቃቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። «ሀዬ፣ ሃሊሞ ትያዝ» አሉ። ኒቆዲሞስ ግን አላመናትም። ሳምንቱን ሙሉ ሥራውን ሲያስተምራት ሰነበተ። ልቡ የደከመ ሰው ያለበትን ቤት፣ ነፍሰ ጡር ያለችበትን ግቢ፣ ከየትኛው ደጅ ዝም ብሎ ማለፍ እንዳለባት በጣቱ እያሳየ አዞራት። «ደግሞ ስትናገሪ አታልቅሺ፤ ካለቀስሽ ስሙ አይሰማም» አላት።

«እኔ ቃሪያ ነው የምሸጠው፤ ማልቀስ ብርቄ አይደለም» አለችው።

ኒቆዲሞስ ረቡዕ በአዲሱ ባቡር ሄደ። ገብረ መድኅን ከከተማ ወጣ ብሎ እስካለው አዲሱ ጣቢያ በባጃጅ ሸኘው። ሲመለስ ደስ ብሎት ነበር፤ ራቱን በላ፤ የምሽቱን ዜና ሰማ። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ አልነቃም።

ስለዚያ ጠዋት ብዙ የምጽፈው የለኝም። ጎረቤት ደረሰልኝ። ሐጂ ኢስሃቅ ከመስጊድ ቀጥታ መጡ። ሃሊሞ ወጣች፤ ድምጿን ከውስጥ ሆኜ ሰማሁት። ገብረ መድኅን ብላ አባቱን ጨምራ ስትጠራ ድምጿ ተሰበረ፤ ግን ደግማ ጠራችው፤ ስሙም ተሰማ። ቀብሩ ለዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተወሰነ።

ድንኳኑ ተተክሎ ሰው መሰብሰብ ሲጀምር ሐጂ ኢስሃቅ ጠጋ ብለው አጠገቤ ተቀመጡ።

«የሺአረግ ልጄ፣ ኒቆን እንጥራው?»

ሩጫው በማግሥቱ ዓርብ ማለዳ ነው። አሰብኩ። ባቡር በየቀኑ የለም። ብንነግረው የተገኘ የጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ይመጣል፤ እንደዚያም ሆኖ ለቀብሩ አይደርስም። ሩጫውንም ያጣል። በዕድሜው ሁሉ አንድ ነገር ነው የጠየቀው።

«አትጥሩት» አልኳቸው። «ለሃኒም አትንገሯት፤ መደበቅ አትችልም። ሮጦ ሲመለስ በሥርዓቱ ይነገረው።»

«ይቀየመናል። ከወንድም በላይ ነበሩ።»

«እኔን ይቀየመኝ።»

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሺ ማለታቸው ይሁን ማዘናቸው አላወቅሁም። ግን ወጥተው ለሰው ሁሉ ነገሩ፤ ጅቡቲ ለኒቆ ማንም እንዳይደውል።

የሚደውለው እሱ እንደሚሆን አላሰብንም ነበር። ቀትር ሊሆን ሲል የገብረ መድኅን ስልክ ከመደርደሪያው ላይ ጮኸ። ቤቱ በሴቶች ተሞልቷል። ስሙን ሳይ ማንሣት አልፈለግሁም፤ ካላነሣሁት ግን ይጠረጥራል። እጄን ወደ ላይ አነሣሁ፤ ሴቶቹ ገባቸውና ዝም አሉ።

«አቤት፣ ኒቆ።»

«የሺ! ገብሬ የት ሄዶ ነው አንቺ ያነሣሽው?»

«ተኝቷል።»

«በዚህ ሰዓት? ትናንት ጣቢያው ድረስ ስለሸኘኝ ደከመው ማለት ነው። ባሕሩን አየሁት በይው። አባቴ ሲያወሩ ውሸት ይመስለኝ ነበር፤ እውነታቸውን ነው፣ መጨረሻ የለውም። ድምፅሽ ምን ሆነ?»

«ጉንፋን ነው።»

ከዚያ እሱም ዝም አለ። ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«እሺ፣ የሺ» አለ በመጨረሻ። «ነገ ጠዋት እሮጣለሁ በይው።»

«እነግረዋለሁ።»

ስልኩን ዘጋሁ። በድሪያ መጥታ ያዘችኝ። ከሰዓት በኋላ ገብረ መድኅንን ቀበርነው።

ዓርብ ዋልን፤ ከጅቡቲ የሰማነው ነገር አልነበረም። ቅዳሜ የሠልስቱ ዕለት ነው፤ ባቡሩም የሚገባው ያን ቀን ነበር። ሐዘንተኛ ቤቷን ትታ አትወጣም፤ ስለዚህ ጣቢያው ላይ የሆነውን የምጽፈው ሐጂ ኢስሃቅ እንደነገሩኝ ነው።

ሐጂ ሁለት የእድር ሽማግሌዎች ይዘው ሄዱ። ኒቆዲሞስ ትንሽ ሻንጣ አንጠልጥሎ፣ እያነከሰ ከባቡሩ ወረደ። ሦስቱን ሽማግሌዎች አንድ ላይ ቆመው ሲያያቸው ቆመ። ሐጂ እየሣቁ ለመቀበል ሞከሩ።

«መብሩክ ኒቆ! እንኳን ደስ አለህ! ና፣ እኛ ቤት አረፍ ብለህ ሻይ ትጠጣለህ…»

«ሐጂ» አላቸው ኒቆዲሞስ፣ «ሦስት ሽማግሌ ለሻንጣ ተሸካሚነት አይመጣም።»

ሐጂ ሣቃቸውን አቆሙ። እሱ ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ።

«አውቄዋለሁ። ግን እንደ ደንቡ ንገሩኝ። ቤት ወስዳችሁ፣ አስቀምጣችሁ ንገሩኝ።»

እንዳለውም አደረጉለት። ሐጂ ቤት ወሰዱት፤ አስቀመጡት፤ ውኃ ሰጡት። ከዚያ ሐጂ የገብረ መድኅንን ስም ከነአባቱ ጠርተው ማረፉን ነገሩት። ኒቆዲሞስ ያለቀሰው ያን ጊዜ ነው። «እኔ ስንት ቤት ሄጄ ሰው አርድቻለሁ፤ እንደዚያ መርዶ የተቀበለ ሰው አላየሁም» አሉኝ ሐጂ።

ወደ ድንኳኑ ሲገባ ሰው ሁሉ ተነሣ። እኔ ዘንድ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። 

«ስልኩ ላይ ነው ያወቅሁት» አለኝ በዝግታ። «ተኝቷል ስትይኝ ከኋላሽ ሰው እንዳለ ይታወቃል፤ ግን ማንም አይናገርም። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ፣ የሺ። ሳልነፋ በሰው ደጅ ሳልፍ የምሰማው እሱን ነው።»

«ታዲያ እንዴት ሮጥክ?»

«ልመለስ ነበር። ሻንጣዬን ይዤ ከቤት ወጣሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። አንቺ ሬሳ ቤትሽ እያለ እኔ እንድሮጥ ብለሽ ከዋሸሽ፣ እኔ ምን ብዬ እመለሳለሁ? ደግሞ ገና አልተነገረኝም። ያልተነገረው ሰው አያለቅስም፤ ሥራው ላይ ነው የሚውለው። ሄጄ ሮጥኩ።»

 ሰዉ ሁሉ ወደ እኛ እያየ ነው። «እስቲ ሩጫውን ለሰው አውራ» አልኩት። ፈራ ተባ አለ፤ ለቅሶ ቤት ነው ብሎ። «ገብሬ ቢኖር መጀመሪያ የሚጠይቅህ እሱን ነው» አልኩት። ያን ጊዜ ወደ ወንዶቹ ዞሮ ማውራት ጀመረ።

ሩጫው የተጀመረው ፀሐይ ሳይወጣ ነው። ፈረንጅ ነበረበት፣ ወታደር ነበረበት፣ የጅቡቲ ጎረምሳ ነበረበት። ሁሉም እንደ ጥይት ተተኩሰው ሄዱ፤ እሱ ብቻውን ከኋላ ቀረ። አየሩ እርጥብ ነው፤ ላብ አይደርቅም፤ ዓይን ውስጥ ይገባል። ደቻቱ አሸዋ ላይ የሮጠ እግር አስፋልት ሲያገኝ መጀመሪያ ክንፍ ያወጣ መሰለው። ከዚያ ሰዎች ያሉበት መንገድ ደረሰ። አንድ ሰውዬ ከሰገነቱ ላይ ወጥቶ ሲያየው ኒቆዲሞስ ደነገጠ።

«ከልማድ እኮ ነው» አለ። «ሰውየው እኔን ሲያይ ቆምኩ። እጄ ወደ አፌ ሄደ፤ ጡሩምባ የያዝኩ መስሎኝ። የሞተውን ስም ልነግረው ነው! ስሙ ጠፋኝ። ሰውየው ግን አጨበጨበልኝ።»

«አንተስ ምን አልከው?» አለች ሃሊሞ።

«አይዞህ አልኩት።»

ድንኳኑ በሣቅ ተሞላ። በድሪያ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ተንቀጠቀጠች።

«እሱ ምን ሆኖ ነው አይዞህ የምትለው?»

«ሌላ ነገር ማለት አላውቅበትማ! ሴቶች በረንዳ ላይ ወጡ፤ ልጆች ‹ኦደይ! ኦደይ!› እያሉ ተከተሉኝ፤ ሽማግሌው ማለታቸው ነው። ሁሉም ይሥቃል። ሁሉም ያጨበጭባል። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። አይዟችሁ፣ አይዟችሁ እያልኩ ሄድኩ።»

«ስንተኛ ወጣህ?»

«ከኋላ ከቆጠርሽ ሁለተኛ።»

«ከኋላህ ማን ነበር?»

«አንድ ፈረንሳዊ። እግሩን ታሞ።»

«ዋ! ጤነኛ ቢሆን ኖሮ የመጨረሻው አንተ ነበርክ!»

«የደከመ የሚሰበስበው መኪና ከኋላችን ይመጣል» አለ ኒቆዲሞስ። «ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ በሱማሌኛ ‹አባቴ፣ ግባ፤ ቀዝቃዛ ውኃ አለ› ይለኛል። ጉልበቴ አብጧል፤ እውነቴን ነው፣ ልገባ ነበር። ‹ከየት ነህ?› አለኝ። ከድሬዳዋ አልኩት። ‹እናንተ ድሬዎች በዚህ ሰዓት ተኝታችሁ አይደል የምትውሉት?› አለኝ። ያ አናደደኝ። በንዴት ነው የጨረስኩት።»

ሐጂ ኢስሃቅ እንኳ ዓይናቸው እስኪያነባ ሣቁ። እኔም ሣቅሁ። ከሐሙስ ጠዋት በኋላ የመጀመሪያው ነው።

«መጨረሻው ላይ ሃኒ ቆማ ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መልካም ልደት አባዬ አለችኝ። ሜዳሊያ አንገቴ ላይ አደረጉ። ሃኒ ለገብሬ እንደውል አለች። ነገ ደርሼ ራሴ እነግረዋለሁ አልኳት።»

 ኒቆዲሞስ ሜዳሊያውን ከኪሱ አወጣና እጄ ላይ አስቀመጠው። መለስኩለት። ያንተ ነው አልኩት፤ ለሰው አሳይ። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ ሽማግሌ ሊፈትነው በጥርሱ ነክሶ አየው፤ ሃሊሞ «ወርቅ መስሎህ ነው?» አለችው።

ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። ካርታ የሚጫወቱት ካርታቸውን ያዙ፤ ሳብሪን የምትባለው የጎረቤት ልጅ ሻይ አዞረች። ኒቆዲሞስ ብርጭቆውን ተቀበለ፤ ሁለቴ ፉት አለና አስቀመጠው። ከድንኳኑ ጥግ ካለው ፍራሽ ላይ ጀርባውን አስደግፎ እግሩን ዘረጋ። ጉልበቱ በሱሪው ውስጥ እንኳ ማበጡ ይታያል። አንድ ሰው የሚቀጥለውን ዓመት ሩጫ እየጠየቀው ሳለ አንገቱ ወደ ጎን ዘንበል አለ፤ በቀስታ ማንኮራፋት ጀመረ።

በድሪያ ተነሥታ የራሷን ጋቢ አለበሰችው። ካርታ ተጫዋቾቹ ካርታቸውን ሳያጮሁ መጣል ጀመሩ። የዐስር ሶላት አዛን ሲጠራ ሐጂ ኢስሃቅ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ በአጠገቡ በዳር ዳሩ ወጡ። ሰው እየቀነሰ ሄደ፤ ፀሐዩም ከድንኳኑ ዳር ሸሸ። ሃሊሞ ለከፊራ የማታ ገበያ ስትነሣ ልትሰናበተው ጎንበስ አለችና ተወችው።

ማንም አልቀሰቀሰውም።